ድምፄ ተዘጋ፣ ልጆቹ ግን አልሰሙኝም

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። ጅማ ውስጥ በአንድ የግል መዋዕለ ሕፃናት ኬጂ አንድ አስተምራለሁ። ክፍሌ ውስጥ 42 ልጆች አሉ፤ አብዛኞቹ አራት ዓመታቸው ነው። ረዳት አለችኝ፤ እሷ ግን ግማሹን ቀን የምታሳልፈው ልጆች ሽንት ቤት በማመላለስ ነው። ቀኑን ሙሉ «ዝም በሉ! አትሩጡ! አትነካኩ! አትጩኹ!» ስል እውልና ማታ ቤቴ ስገባ ከእናቴ ጋር እንኳ የማወራበት ድምፅ አይተርፈኝም። ከኅዳር ጀምሮ ድምፄ ሻክሯል። ዝናብ ሲመጣማ ከቆርቆሮው ጩኸት የተነሳ ጭራሽ አልሰማም።

ባለፈው ሥልጠና ወስደን ነበር። «ልጆችን በአዎንታዊ ቋንቋ አናግሩ» ተባልን። በማግስቱ «የኔ ማሮች፣ እባካችሁ ቁጭ በሉ፣ እሺ?» ማለት ጀመርኩ። ሳቁብኝ። እላዬ ላይ ወጡ። ሳምንት ሳይሞላ ወደ ጩኸቴ ተመለስኩ።

ከሁሉ የሚያስቸግረኝ አንድ ነካሽ ልጅ ነው። ቤታቸው የሚነገረው ኦሮምኛ ነው፤ እኛ ጋ ደግሞ ትምህርቱ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ነው። ነካሹ ብዙም አያወራም። ከለር ወይም ኳስ ላይ ግጭት ሲነሳ ግን ይነክሳል። ጠዋት የሚያመጡት አያቱ «ቆንጥጪው፣ ፈቅጄልሻለሁ» ይሉኛል። ርእሰ መምህራችን ደግሞ በበሬ ባለፉ ቁጥር «ዛሬም ገበያ ነው?» ይላሉ። ነካሹን ምን ላድርገው? ይሄ አዎንታዊ የሚሉት ነገርስ ለ42 ልጅ ይሠራል ወይስ ለፈረንጅ ልጅ ብቻ ነው?

ድምፀ ሻካራዋ ነኝ፣ ከጅማ

መልስ፦

ድምፀ ሻካራዋ፣

በዕድሜ ሳልበልጥሽ አልቀርምና በ«አንቺ» ልቀጥል።

ይሠራል። ለ42 ልጅም፣ ለጅማ ልጅም ይሠራል። አንቺ ግን የሞከርሽው እሱን አልነበረም። የሞከርሽው ማባበልን ነው። አንዳንድ አሠልጣኝ ሁለቱን ሳይለይ ስለሚያስተምር ስንቷ መምህርት ሞክራ ትታዋለች። «የኔ ማር» ክፉ ቃል አይደለም። ቅመም ነው። ወጡ ሳይኖር ግን ቅመም ብቻውን አይበላም።

ወጡ ምንድን ነው ካልሽኝ፣ ልጁ አሁን፣ እዚሁ፣ በእጁና በእግሩ ምን እንዲያደርግ እንደምትፈልጊ በአጭሩ መንገር ነው። እስቲ ራስሽ የጻፍሻቸውን አራት ትእዛዞች መልሰሽ አንብቢያቸው። ዝም በሉ፣ አትሩጡ፣ አትነካኩ፣ አትጩኹ። አራቱም ምን መተው እንዳለባቸው ይናገራሉ። ምን እንዲያደርጉ የሚናገር አንድም የለም። ትልቅ ሰው «አትሩጥ» ሲባል በራሱ ጊዜ ይራመዳል። የአራት ዓመት ልጅ ግን መጀመሪያ ሩጫውን መግታት አለበት፤ ቀጥሎ በምትኩ ምን እንደሚያደርግ ማሰብ አለበት፤ ከዚያ ያሰበውን ማድረግ አለበት። ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይከብደዋል። ራስን ለመግታት የሚያገለግለን የአንጎላችን የፊት ክፍል አድጎ የሚጨርሰው በሃያዎቹ ዕድሜ አጋማሽ አካባቢ ነው። አንቺም ራስሽ ገና ጨርሰሽ ከሆነ ነው። ስለዚህ «አልሰማ አለኝ» ብለሽ የምትቆጪው ልጅ ብዙ ጊዜ ሰምቶሻል። የጠፋበት ቀጥሎ ምን እንደሚያደርግ ነው።

ሌሊቱን ዘንቦ ያባራበትን ጠዋት አስቢ። ጅማ ላይ ይህን ማሰብ አይከብድም። ልጆቹ ከባጃጅ ወርደው ጭቃ ተሸክመው በር ላይ ይደርሳሉ። «በጭቃ ጫማ እንዳትገቡ!» ትያለሽ። አንዷ ደንግጣ ትቆማለች። ሁለቱ ገብተው ምንጣፉን ይረግጣሉ። አንዱ ጫማውን አውልቆ በካልሲው ጭቃው ላይ ይቆማል። እንግዲህ እሱን ምን ትይዋለሽ? ያልሽውን ነው ያደረገው፤ በጭቃ ጫማ አልገባም።

አሁን በሩ ላይ ጆንያ አንጥፊና አጠገቡ ቁጢጥ በይ። የመጀመሪያዋን በስሟ ጠርተሽ «ጫማሽን እዚህ ጆንያ ላይ። በቀኝ ጠረግ፣ ጠረግ። በግራ ጠረግ፣ ጠረግ። ግቢ» በያት። ሁለተኛው ቆሞ ያያታል። ሦስተኛዋ «ጠረግ ጠረግ» እያለች ትዘፍነዋለች። ጥቂት ጠዋት ከደገምሽው በኋላ አፍሽን መክፈት ላያስፈልግሽ ይችላል። ጆንያውን በጣትሽ ማሳየት ይበቃል።

ሌላውንም በዚሁ መንገድ ለውጪው። በ«አትሩጡ» ፋንታ «ቀስ እያልን እንራመድ»። በ«አትነካኩ» ፋንታ «እጃችን ጉልበታችን ላይ»። በ«አትጩኹ» ፋንታ «በትንሽ ድምፅ እናውራ»። ትንሽ ድምፅ ምን እንደሆነ ግን አስቀድመሽ ማሳየት አለብሽ። አንድ ቀን እንደ ጨዋታ አድርጊው፤ በትልቅ ድምፅ ስማችንን እንጥራ፣ አሁን በትንሽ፣ አሁን ደግሞ ጉንዳን ብቻ በሚሰማው ድምፅ። ይህን ያልተጫወተ ልጅ «ድምፅህን ቀንስ» ሲባል ምኑን ይቀንስ?

«ዝም በሉ»ን ግን በምን እንደምትተኪው አልነግርሽም። አብዛኛውን ጊዜ መባል የለበትምና ነው። የአራት ዓመት ልጅ እያወራ ነው የሚያስበው፣ እያወራ ነው ቋንቋ የሚለምደው። ግማሽ ቀን ዝም ያለ ኬጂ ካየሁ እኔ በበኩሌ ሥጋት ይገባኛል። ተረት ስታነቢ ወይም መመሪያ ስትሰጪ ጸጥታ ያስፈልግሻል፤ ያኔ «ጆሯችን ወደ ተረቱ» ብለሽ ወዲያው ተረቱን ጀምሪ። «ፊንገር ኦን ዩር ሊፕስ» የሚባለውን ነገር ደግሞ ተይው። ልጆቹ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው በጣታቸው ጎን ወሬያቸውን ሲቀጥሉ አይተሽ መቼም ስቀሻል።

«አዎንታዊ» ሲባል «አይ» የሚል ቃል ተከለከለ የሚል ወሬም አለ። ውሸት ነው። ልጅ ወደ መንገድ ሮጦ ባጃጅ ሲመጣ «ቁም!» ብለሽ በሙሉ ድምፅሽ ጩኺ። ጩኸትሽ የሚሠራው ግን ለዚህ ብለሽ ካስቀመጥሽው ነው። ከጠዋት እስከ ማታ ጩኸትሽን የለመደ ልጅ የመንገዱን ጩኸት በምን ይለየዋል?

አሁን ወደዚያ «እሺ?» ልምጣ። «ቁጭ በሉ፣ እሺ?» ስትይ ትእዛዙን ወደ ጥያቄ ለወጥሽው። ጥያቄ ደግሞ ሁለት መልስ አለው። ልጁ «እንቢ» ቢልሽ ባለጌ ሆኖ ሳይሆን ስለጠየቅሽው ነው። የሳቁብሽም ምናልባት ለዚህ ነው። ምርጫ በሌለበት ቦታ አትጠይቂ። «አሁን እንቀመጣለን» በይና አንቺም አብረሽ ቁጭ በይ። ምርጫ ልትሰጪ ከፈለግሽ እውነተኛ ምርጫ ይሁን፤ «ኮዳህን ራስህ ታስቀምጠዋለህ ወይስ አብረን እናስቀምጠው?» ኮዳው መቀመጡ አይቀርም፤ እንዴት እንደሚቀመጥ ግን የሱ ውሳኔ ነው። ውሳኔ የተሰጠው ልጅ በሌላው ነገር ላይ ጠቡን ይቀንሳል።

ርቀትም ቁም ነገር ነው። አንቺ ሰሌዳው ጋ ቆመሽ፣ የሚሮጠው ልጅ ኋላ መስኮቱ ጋ ሆኖ፣ በመካከላችሁ አርባ ልጅ ተቀምጦ የምትናገሪው ነገር የግድ ጩኸት ይሆናል። ያንን ጩኸት ደግሞ የሚሰሙት ያልሮጡት ናቸው። ስለዚህ ሂጂ። አጠገቡ ድረሺና ዝቅ በይ፣ በስሙ ጥሪው፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ተናገሪ። «42 ናቸው፣ ስንቱ ጋ ልሂድ?» ትይኝ ይሆናል። በአንድ ጊዜ የሚያስቸግሩሽ ግን 42 አይደሉም። ሁለት ወይ ሦስት ናቸው፤ ሌሎቹ እነሱን እያዩ ነው የሚከተሉት። አንዱ ጋ ዝቅ ብለሽ በዝግታ ስትናገሪ ዙሪያው ያሉት «ምን አለችው?» ብለው ጆሯቸውን ያቆማሉ።

እዚህ ላይ ከውጭ የመጡ ማኑዋሎች የማይነግሩሽ ነገር አለ። «ዓይን ለዓይን እየተያያችሁ ተነጋገሩ» ይላሉ። የኛ ልጅ ግን ትልቅ ሰው ሲያናግረው አንገቱን እንዲደፋ ነው ቤቱ ያስተማረው። አክብሮቱ ነው። «እየኝ! ዓይኔን እየኝ!» ብለሽ አገጩን ቀና አታድርጊ። አንቺ ዝቅ በይ፣ እሱ ጫማውን ይመልከት። ይሰማሻል።

ሁሉንም በአንድ ጊዜ መጥራት ስትፈልጊ ደግሞ በእጅሽ ያለ ነገር አለ። «ተረት ተረት!» በይ። «የላም በረት!» ይሉሻል። ይህን ማንም ማሠልጠን አላስፈለገውም፤ አያቶቻቸው ጨርሰውታል። «ኩኩሉ!» ካልሽ «አልነጋም!» ይላሉ። ኦሮምኛ ተናጋሪዎቹም የራሳቸው የተረት መክፈቻ አላቸውና ጠይቀሽ ተማሪና በተራ ተጠቀሚባቸው። ጥንቃቄ የሚሻው ግን መልሱ እንዳበቃ የሚከተለው ነገር ነው። ልጆቹ «የላም በረት» ብለው ዓይናቸውን ሲያፈጡ ቁጣ ከተከተለ ሁለተኛ አይመልሱልሽም። ወዲያው የሚሠራ ነገር ንገሪያቸው፤ «ከለሮቹን ወደ ጣሳው»፣ «ምሳ ዕቃችንን እናምጣ»።

ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ግን ይህም አይሰማም። ያኔ ትግሉን ተይው። ከቆርቆሮ ጋር ተወዳድሮ ያሸነፈ መምህር የለም። በደረቅ ቀን የእጅ ምልክት አስተምሪያቸው፤ እጅ ወደ ላይ ሲነሣ ሁሉም እጁን ያነሣል፣ ሁለት መዳፍ ሲከፈት መጽሐፍ ነው፣ መዳፍ ወደ ታች ሲወርድ መቀመጥ ነው። ምልክቶቹን በጨዋታ ያለማመድሻቸው ከሆነ ዝናቡ ሲመጣ ክፍሉ ያለ ድምፅ ይመራል። መብራት ካለ አምፖሉን አጥፍቶ ማብራትም ይሠራል። ካለ ነው እንግዲህ።

ከተናገርሽ በኋላ ደግሞ ጠብቂ። ብዙዎቻችን አንድ ጊዜ እንናገራለን፣ ልጁ ወዲያው ካልተነቃነቀ ደግመን እንናገራለን፣ በሦስተኛው እንጮሃለን። ሜሪ በድ ሮው የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ በፈረንጆቹ 1970ዎቹ የአንደኛ ደረጃ የሳይንስ ክፍሎችን በቴፕ ቀድታ አዳምጣ ነበር። መምህራኑ ጥያቄ ጠይቀው መልስ የሚጠብቁት በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ ሆኖ አገኘችው። ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ መጠበቅ ሲለምዱ የልጆቹ መልስ ረዘመ፣ መልስ ሳይሰጡ የሚቀሩትም ቀነሱ። የሷ ልጆች ከአንቺዎቹ በዕድሜ ይበልጣሉ። ላንቺዎቹ ሦስት ሰከንድ ቢያንስ ነው እንጂ አይበዛም። በሁለተኛ ቋንቋ ለሚሰማ ልጅማ ከዚያም በላይ ያስፈልጋል። «ኮዳህን አስቀምጥ» ብለሽ በልብሽ እስከ አምስት ቁጠሪ። አራት ላይ ሲነሣ ታዪዋለሽ።

ስለ ሙገሳ ብዙ አልልም። «ጎበዝ! አጨብጭቡለት!» በየክፍሉ እንደ ዝናብ ይወርዳል። ጭብጨባው አይጎዳም፤ ልጁ ግን ምን ሠርቶ እንደተጨበጨበለት ላያውቅ ይችላል። ያየሽውን ንገሪው። «ላጲሱን ለጓደኛህ አዋስከው። እሷም ደስ አላት» ስትዪው ነገ ምን መድገም እንዳለበት ያውቃል። ጫጫታ ሲበዛም የሚረብሹትን ከመቁጠር ያስተካከሉትን በስማቸው መጥራት ይሻላል። ሌላውን ለማሸማቀቅ ብለሽ ግን አታድርጊው፤ «እሷን አታይም? አንተስ?» ሲጨመርበት ሙገሳው ስድብ ይሆናል።

አሁን ወደ ልጁ እንሂድ። ደብዳቤሽ ላይ ደጋግመሽ «ነካሹ» ብለሽዋል። ለእኔ ስትጽፊ ስሙን አለመጥቀስሽ ጨዋነት ነው። ሥጋቴ በክፍልም ውስጥ እንደዚያው ይጠራል ብዬ ነው። ረዳትሽና አንቺ በልጆቹ ፊት «ነካሹ መጣ» ብላችሁ ታውቁ እንደሆነ ራስሽን ጠይቂ። እንዲያ ከሆነ ከነገ ጀምሮ ይቁም። አርባ አንድ ልጅ «ነካሹ» ብሎ የሚሸሸው ልጅ ሌላ ሥራ አልተሰጠውም፣ ያንኑ ይሠራል።

ልጁ የሚነክሰው መቼ ነው? አንቺው ጽፈሽልኛል፤ ከለር ወይም ኳስ ላይ ግጭት ሲነሳ። ሌላው ልጅ «የኔ ተራ ነው»፣ «ቲቸር ቀማኝ» ይላል። እሱ የሚለው የለውም። ሐሳቡ በኦሮምኛ አለ፤ ክፍሉ ግን በኦሮምኛ አይሰማውም። አዲስ ቋንቋ ውስጥ የገባ ትንሽ ልጅ ለወራት ዝም ብሎ ማዳመጡ የተለመደ ነገር ነው። ያ ዝምታ ስንፍናም ሞኝነትም አይደለም። ቃል ያጣ ልጅ በቅርቡ ያለው መሣሪያ ጥርሱ ነው።

ጅማ ላይ ኦሮምኛ የማይሰማ መምህር ብርቅ ነው። አንቺም ገበያ ስትወርጂ፣ ባጃጅ ስትሳፈሪ ትናገሪዋለሽ ብዬ እገምታለሁ። ታዲያ ክፍል በር ላይ ለምን ታስቀምጪዋለሽ? በሩ ላይ «ኮቱ» (ና) ብለሽ ተቀበዪው። ሲሮጥ «ሱታ፣ ሱታ» (ቀስ፣ ቀስ) በይው። ከለር ሲፈልግ የሚለውን አብረሽ በሁለቱም ቋንቋ አስለምጂው፤ «ናፍ ኬኒ፣ ስጪኝ»። ሌሎቹም ልጆች ይስሙት። ከሁለት ሳምንት በኋላ አማርኛ ተናጋሪዎቹ «ናፍ ኬኒ» እያሉ ከለር ሲጠይቁት ብትሰሚ አይግረምሽ። ያኔ እሱ የሚያውቀውን ነገር ሌላው የሚማርበት ክፍል ሆነ ማለት ነው። ይህ ለአንድ ልጅ ስንት እንደሚያወጣ እኔ መገመት አልችልም።

ኳስና ከለር የሚከፋፈልበት ሰዓት ላይ ደግሞ አጠገቡ ሁኚ ወይም ረዳትሽ ትሁን። መንከስ ሲመጣ ይታያል። ፊቱ ይቀላል ወይም ይጨማደዳል፣ እጁ ይጨብጣል፣ አፉ ይከፈታል። ያኔ እጅሽን በመካከላቸው አግቢና ቃሉን ስጪው፤ «ኳሱን ፈልገሃል። ‹ናፍ ኬኒ› በላት።»

ደርሰሽ ሳታቆሚው ከነከሰስ? መጀመሪያ ወደ ተነከሰችው ሂጂ። ይህን ብዙ ሰው ይገለብጠዋል፤ ሁሉም ነካሹ ላይ ይረባረባል፣ የተነከሰችው ጥግ ላይ ታለቅሳለች። አቅፈሽ «አመመሽ። አየሁ» በያት፣ ክንዷን በውሃ እጠቢ። ከዚያ ወደ እሱ ዝቅ በይና በደረቅ ድምፅ፣ ሳትጮኺ፣ «ሰው አይነከስም። አሟታል» በይው። ከዚህ ያለፈ ስብከት አያስፈልግም። «ይቅርታ በል! በል እንጂ!» እያልሽም አታስጨንቂው። ተገድዶ ይቅርታ የሚል የአራት ዓመት ልጅ ይቅርታውን ለጣራው ነው የሚለው። ይልቅ ሥራ ስጪው፤ ፎጣውን ያምጣላት፣ ኮዳዋን ያቀብላት። ሲረጋጋ ቃሉን አብራችሁ ድገሙት።

«ጅብ ይበላሃል»፣ «ሐኪሟ በመርፌ ትወጋሃለች» የሚሉትን ማስፈራሪያዎች ረዳትሽም ቢሆን እንዳትጠቀም። ማታ የጅብ ድምፅ የሰማ ልጅ ነገርሽን ከልቡ ያምነዋል፤ ቀን ክፍል ውስጥ ጸጥ ይልና ሌሊት አልጋው ላይ ይሸናል። መርፌውም ያው ነው፤ የክትባት ቀን ሲመጣ ጣጣው ለእናቱ ይተርፋል።

አያቱን በተመለከተ፤ «ፈቅጄልሻለሁ» ማለታቸው በአንቺ ላይ ያላቸውን እምነት ያሳያል እንጂ ክፋት የለበትም። እሳቸውም ሲያድጉ ያዩት ያንን ነው። ፈቃዱ ግን የሳቸው አይደለም፣ ያንቺም የርእሰ መምህሩም አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት በአካላቸው ላይ ከሚፈጸም ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ቁንጥጫም ኩርኩምም ማንበርከክም እዚያ ውስጥ ናቸው። ለእማማ ግን አንቀጽ አትጥቀሺባቸው። ደግሞም ለሚነክስ ልጅ ቁንጥጫ የሚያሳየው ሲናደዱ ሰው ሥጋ ላይ ማሳረፍ እንደሚቻል ነው፤ እሱማ ይህን ያውቃል። እንዲህ በያቸው፣ ከቻልሽ በኦሮምኛ፦ «እማማ፣ ስላመኑኝ አመሰግናለሁ። ቁንጥጫ እኛ ጋ የለም፤ ግን እርዳታዎን እፈልጋለሁ። ቤት ሲናደድ ምን ይላል? ምን ሲሉት ይበርድለታል?» እሳቸው የሚያውቁትን ማንም ሥልጠና አይሰጥሽም። የሚወደውን ዘፈን፣ ቤት የሚጠራበትን የቁልምጫ ስም፣ ሌሊት ተኝቶ እንደሆነና እንዳልሆነ ከሳቸው ትሰሚያለሽ።

ርእሰ መምህሩ ይከብዳሉ። ጸጥ ያለ ክፍል ጥሩ ክፍል ነው ብሎ የሚያምን አለቃ በክርክር አይመለስም። በበር እያለፉ ከሚፈርዱ አንድ ጠዋት ገብተው ከልጆቹ ጋር እንዲቀመጡ ጋብዣቸው፤ የጆንያው ሥርዓት ከተለመደ በኋላ ይሁን። ስትጋብዣቸውም ሁለት ነገር ጠይቂ። አንደኛው ኦሮምኛ ክፍል ውስጥ እንዲሰማ ነው። «እንግሊዝኛ ብቻ» የሚል ደንብ ካለ ንክሻ ለማስቆም እንደምትፈልጊው ንገሪያቸው፤ ከተነከሰች ልጅ እናት ጋር መነጋገር እሳቸውም አይወዱም። ሁለተኛው የረዳትሽ ጉዳይ ነው። ሽንት ቤት በቁርጥ ሰዓት፣ ከመክሰስ በፊትና በኋላ፣ በቡድን ይሁን። አንዳንዱ ልጅ መሃል ላይ መሄዱ አይቀርም፤ ግን ረዳትሽ አሁን እንደምትሆነው ግማሽ ቀን መንገድ ላይ አትውልም። ያኔ አንቺ ከሃያ ልጅ ጋር ስትዘምሪ እሷ ከቀሩት ጋር ግቢ ውስጥ መጫወት ትችላለች።

እውነቱን ለመናገር 42 የአራት ዓመት ልጅ ለሁለት ሰው ይበዛል። ይህን በጥሩ አነጋገር ማስተካከል አይቻልም፣ የምትችዪ መስሎሽም ራስሽን አትውቀሺ። በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከአንደኛ ክፍል በፊት ያሉትን ልጆች የሚያስተምሩ ጓደኞችሽ ካንቺ በሚበልጥ ቁጥር ሊታገሉ ይችላሉ። አነጋገሩ የሚያደርግልሽ ባለው ቁጥር ውስጥ ጩኸቱን መቀነስ ነው።

ሁሉንም ሰኞ አትጀምሪ። ሰኞ ጆንያውን ብቻ አንጥፊ። ጠዋት መግቢያው ሲስተካከል ወደ ከለር መሰብሰቢያው ሰዓት እለፊ። ከመሰብሰቡ በፊት «አንድ ዘፈን ዘፍነን እንሰበስባለን» በያቸው፤ «አምስት ደቂቃ» ለአራት ዓመት ልጅ ትርጉም የለውም፣ ዘፈን ሲያልቅ ግን ያውቃል። የልጁንና የኦሮምኛውን ነገር ግን አታቆዪው፣ እሱን ከነገ ጀምሪ። አልፎ አልፎ መጮህሽ አይቀርም። ጮኸሽ ከሆነ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ ያንኑ ነገር በትክክል ድገሚውና ቀጥዪ።

ከኅዳር ጀምሮ የሻከረ ድምፅ ግን የዝንጅብል ሻይ ጉዳይ አይደለም። ከሦስት አራት ሳምንት በላይ የቆየ የድምፅ መሻከር መታየት አለበት፤ ብዙ በሚናገር ሰው የድምፅ አውታር ላይ እባጭ ሊወጣ ይችላል። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአንገት በላይ ክፍል አለ። በዚህ ሳምንት ሂጂ፣ ሐኪሙንም ስታገኚ መምህርት መሆንሽንና ቀኑን ሙሉ በምን ያህል ድምፅ እንደምትናገሪ ሳትረሺ ንገሪው።